ጉርድ ፎቶ አይበቃንም

እኛ አገር ፎቶ አጥብቆ የሚፈለገው ሰው ሲሞት ነው። መርዶው ተነግሮ፣ ድንኳኑ እየተተከለ፣ ከቤተሰቡ መካከል "ስልክ ይችላል" የሚባለው ልጅ ወደ ጓዳ ይጠራና "በል ፎቶ ፈልግ" ይባላል። ባነር ሊሠራ ነው። በቀብሩ ዕለት በፍሬም ተደርጎ ከፊት የሚያዝ፣ ለቅሶ ላይ እናት ደረቷ ላይ አቅፋ የምታለቅስበት ፎቶ ያስፈልጋል። ቁም ሳጥን ይከፈታል፣ አልበም ይገለበጣል፣ የቴሌግራም ግሩፕ ወደ ላይ ወደ ላይ ይጎተታል። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምንድን ነው? አንድ ጉርድ ፎቶ። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳ፣ ዓይኑ የደነገጠ፣ ሁለቱም ጆሮው እንዲታይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው። እሱ ከጠፋ ደግሞ ከሠርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ ፊት።

ሰፈራችን ውስጥ የአንድ አባት ባነር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ። ትከሻቸው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ አርፏል። ፎቶው ከሌላ ሰው ሠርግ የተቀነጨበ ስለሆነ ባለእጁ ተቆርጦ ሲቀር እጁ ቀረ። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ማለዳ ማለዳ በራቸውን እየጠረጉ ውሃ ሲረጩ፣ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስሙ ሲጠሩ፣ ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ሬዲዮ ጆሯቸው ሥር አድርገው ሲያዳምጡ የኖሩ ናቸው። ይሄን ሁሉ ሰው ያውቃል። ፎቶው ግን አያውቅም።

የኔ ክርክር ይሄው ነው። ካሜራችን የሚበራው ሰው በማይኖርበት ቀን ነው። ሠርግ ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ማለትም ማንም ሰው ራሱን በማይሆንበት ቀን። ኑሮ የሚኖርበት ተራ ቀን፣ ሰው የሚወደድበትና ሲሞት የሚናፈቅበት ቀን፣ ፎቶ አይነሳም። ይሄ ልማድ መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

አልበሙን እንግለጠው

የማንኛችሁም ቤት አልበም ይምጣ። ያው ቡናው እስኪፈላ እንግዳ ጭን ላይ የሚቀመጠው፣ ላስቲኩ እርስ በርሱ የተጣበቀው። ክርስትና አለ። ልደት አለ፤ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻ፣ የለስላሳ ጠርሙስ፣ መሀል ላይ ለምን እንደቆመ ያልገባው ሕፃን። ሠርግ አለ፣ ብዙ ሠርግ። ምርቃት አለ፤ ጥቁር ጋዋን፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ። የስቱዲዮም አለ፤ ከኋላ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊት ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ ተቀምጣ አንዷ ቆማ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "ለማስታወሻ" ተብሎ ተጽፏል።

እነዚህን ፎቶዎች አልንቃቸውም። ፎቶ ውድ በነበረበት ዘመን ምርጥ ልብስን ለብሶ ፎቶ ቤት መሄድ ራስን ማክበር ነው። ግን አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 60 ዓመት የኖረ ሰው ወደ 22,000 የሚጠጋ ቀን ኖሯል። በዓሉን፣ ሠርጉን፣ ክርስትናውን፣ ምርቃቱን ሁሉ ደምረን በዓመት 15 ቀን ብንሰጠው 900 ቀን ነው። የቀረው 21,000 ቀን የት ሄደ? አልበሙ ውስጥ የለም። ሰውየው ግን የኖረው እዚያ ውስጥ ነበር።

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። በየአልበሙ ውስጥ ከሁሉም የምትበልጥ አንዲት ፎቶ ትኖራለች፤ ይቺም አብዛኛውን ጊዜ ፊልም ለመጨረስ ሲባል የተነሳች ናት። የፊልም ካሜራ ያላያችሁ ልጆች ስላላችሁ ላስረዳ። አንዱ ፊልም በተለምዶ 36 ፎቶ ያነሳ ነበር። ሳያልቅ ቢታጠብ ደግሞ የቀረው ይባክናል። ስለዚህ ድግሱ አልፎ ሁለት ሦስት ሲቀር፣ ካሜራ የያዘው ሰው "እንጨርሰው በቃ" ብሎ ያገኘውን ያነሳል። ውሻውን፣ በሩን፣ ሳህን የምታጥበውን ሴት።

የእኛም ቤት እንዲህ ያለች ፎቶ አለች። የአንድ ዘመድ ሠርግ ማግስት ነው። እናቴ ሳፋ ፊት ተጎንብሳ የድግሱን ሳህን ታጥባለች። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው። ጸጉሯ በሻሽ ታስሯል። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ብሏት ቀና ብላ ትስቃለች፣ በሙሉ አፏ። ከጀርባዋ አንዲት ዶሮ ከፎቶው ልትወጣ ግማሽ አካሏ ቀርቷል። የዚያው ሠርግ ሌላ ፎቶም አለ። እሱ ላይ እናቴ ከሙሽሮቹ ጎን ከግራ ሦስተኛ ቆማለች፤ አፏ ተዘግቷል፣ እጇ የተበደረችውን ቦርሳ ጭምቅ አድርጎ ይዟል። ሁለቱን ፎቶ እናቴን ለሚያውቅ ሰው ብታሳዩት የትኛው ላይ ጣቱን እንደሚያሳርፍ አልጠራጠርም። የሠርጉ ፎቶ ልብሷን ይዞ ቀርቷል። እሷን የያዘችው የትርፍራፊዋ ፎቶ ናት።

ዛሬ ስልካችን ውስጥ የማያልቅ ፊልም አለ። ማለትም ያለን በሙሉ ትርፍራፊ ነው። ሆኖም ያንን የትርፍራፊ ዓይን ይዘነው አልመጣንም።

ሌላ ሰው ሲያነሳን

"ታዲያ ምን ይጎዳል?" ለሚል ሰው፣ ጉዳቱ ከቤተሰብ ያልፋል እለዋለሁ።

በ1860 ዓ.ም የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል አለማየሁ በ7 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እዚያ ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። ፎቶዎቹ ዛሬም በየመጽሐፉና በየኢንተርኔቱ አሉ። ልጁ አጊጦ፣ እንዲቀመጥ በተደረገበት ተቀምጦ፣ ዓይኑን እንዲያሳርፍ በተነገረው ቦታ ላይ አሳርፏል። ያዘነ ልጅ ነው። ሲሮጥ፣ ሲበላ፣ ሲያኮርፍ ምን ይመስል እንደነበር ከነዚያ ፎቶዎች ማወቅ አይቻልም። የሚታየው አንድ ልዑልና አንድ ምርኮኛ ነው፤ የ7 ዓመት ልጁ ጠፍቷል።

ከዚያ 1977 ዓ.ም ይመጣል። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ኬንያዊው ካሜራማን ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ ያነሳውን ፊልም አሳየ። ዓለም ተንቀጠቀጠ፣ እርዳታ ጎረፈ፣ ብዙ ነፍስ ዳነ። የሠራው ሥራ ታላቅ ነው፤ ሊወቀስ አይገባም። ግን ያ ምስል በኛ ላይ እንዲህ የከበደው ለምን ይመስላችኋል? ከጎኑ የሚቆም ሌላ ምስል ስላልነበረ ነው። ዓለም ያቺን ጎህ ሲቀድ የተጎነበሰች እናት ሲያይ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በራሷ ደጅ ገብስ እየቆላች ከጎረቤቷ ጋር ስትቀልድ የሚያሳይ ፎቶ የለውም። ስለዚህ ረሃቡ ከመጣባት ይልቅ አብሯት የተወለደ መሰለ። ተራ ቀኑ ያልተመዘገበለት ሕዝብ በክፉ ቀኑ ብቻ ይታወቃል። ይሄ ክፋት ሳይሆን የማስረጃ ጉዳይ ነው፤ የቀረበው ማስረጃ ያ ብቻ ነበርና።

"ቪንቴጅ አዲስ አበባ" የሚባለውን ሥራ ያያችሁ ትኖራላችሁ። ወጣቶች ሆነው ከየሰው ቤት የቆዩ የቤተሰብ ፎቶዎችን ሰብስበው በመጽሐፍ አወጡ። ስታገላብጡት ልብ የሚነካው የትኛው ነው? እኔን የሚያቆመኝ ሰው ካሜራውን የረሳበት ነው፤ የሆነ ጓደኛ ጓደኛውን እያየ የሳቀበት፣ ልጅ እናቱ ቀሚስ ውስጥ የተደበቀበት። አንድ ሰው ከስንት ዓመት በፊት ሳያስበው ጠቅ ያደረጋት ነገር ዛሬ ለማናውቃቸው ሰዎች ቅርስ ሆናለች።

ስልኩ የማያየው

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ማሽኑ ልግባ። ካሜራ ያለውን እንዳለ አያይም። የሚያየው የሠራው ሰው "ጥሩ ፎቶ ይሄ ነው" ብሎ በነገረው መጠን ነው።

ታሪኩ ከፊልም ይጀምራል። ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር፤ "ሸርሊ ካርድ" ይሉታል። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ለአሥርት ዓመታት ነጭ ነበረች። የማንም ሰው ፎቶ ሲታጠብ ቀለሙ የሚስተካከለው የእሷ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ነው። የእኛ አባቶችና እናቶች በየአልበሙ ጥርስና ዓይን ብቻ ሆነው የቀሩት ፎቶ አንሺው ስላልቻለ ብቻ አይደለም። ጎግል ጠቆር ያለ ቆዳን በትክክል ለማሳየት ብሎ በተለይ ያስተካከለውን ካሜራ በስልኩ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ትናንት ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር አሁንም አለ። የካሜራው መለኪያ የሚያየውን ነገር ሁሉ በአማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይፈልጋል። እናታችሁ ነጭ ነጠላ ለብሳ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ብታነሷት ማሽኑ "ኧረ ይሄ በጣም ብሩህ ነው" ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው ይድናል፣ ፊቷ ይጠፋል። መፍትሔው አንድ ሰከንድ አይፈጅም፦ ስክሪኑ ላይ ፊቷን መንካትና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መሳብ። ነጠላው ትንሽ ቢነጣ ይንጣ። ፊት ይቅደም።

ሦስተኛው ግን ያናድደኛል። ገበያችን ላይ ያሉ ብዙ ስልኮች ካሜራቸው ሲከፈት "ማሳመሪያው" ራሱ በርቶ ይጠብቃል። ይሄ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ስታውቁ ዝም አትሉም። ፕሮግራሙ ፊት ያገኛል፣ ቆዳ የሚመስለውን ክፍል ይለያል፣ እዚያ ላይ ያሉትን ጥቃቅን የጥላና የብርሃን ልዩነቶች "ጉድለት" ብሎ ያለሰልሳል። ቆዳን ማንጣት የሚጨምርም አለ። እንግዲህ አያቴ አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት፤ በልጅነቷ በመርፌ የተነቀሰችው፣ አሁን አረንጓዴው እየደበዘዘ ያለ። ዓይኗ ጥግ ላይ በምጣድ ጭስና በሳቅ የተጻፈ መስመር አለ። ለማሽኑ እነዚህ ጉድለት ናቸው። ለኔ አያቴ እነሱ ናት። የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ የተጻፈበትን ገጽ በላጲስ የሚያጠፋ ነገር ማሳመሪያ አይባልም። አጥፉት። ዛሬ።

ለማን ነው የምናነሳው?

አሁን ደግሞ አንዱ ይነሳና "ወዳጄ፣ የምን ተራ ቀን አልተነሳም ነው፤ ሰው ቁርሱን ሳይለጥፍ አይበላም እኮ" ይለኛል። ልክ ነው፣ ይለጥፋል። ግን የሚለጠፈው ቁርስ ተራ ቁርስ አይደለም። ለመለጠፍ የተሠራ ቁርስ ነው። ለቪዲዮ ሲባል ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ረከቦቱ ከጎረቤት ተውሶ፣ ልጆቹ "ዝም በሉ እየቀረጽኩ ነው" ተብለው የሚፈላ ቡና፣ ካለፈው ዘመን ስቱዲዮ በምን ይለያል? ፏፏቴው የተሳለበት መጋረጃ ወደ ሳሎናችን ገባ እንጂ አልተነሳም። ድሮ ቢያንስ ስቱዲዮው ከቤት ውጭ ነበር፤ ቤት ስትመለስ ታርፍ ነበር።

የቤተሰብ ፎቶ ተመልካች ማን ነው? የማያውቁን 3,000 ሰዎች አይደሉም። ተመልካቹ ገና ያልተወለደ የእህታችሁ ልጅ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ያለችው እናታችሁ ናት፤ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ናት። ኩዌት ያለች የአክስቴ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ልኬላት "ደስ ይላል" ብላ አለፈች። ቀጥላ የጠየቀችኝ ግን "ያ የበረንዳው በርሜል አሁንም አለ? አንሳልኝ እስቲ" ነው። የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ጎኑ የጎደጎደ በርሜል። አነሳሁላት። ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚያ በርሜል አወራን። ናፍቆት ያለበት ሰው የሚናፍቀው ድግስ እንዳልሆነ ከሷ በላይ የሚመሰክር የለም።

ስለዚህ ፎቶውን አትለጥፉት። የልጅን ፎቶ በተለይ፤ ልጅ እሺም እምቢም የሚልበት አፍ ገና የለውም። እናታችሁ "ኧረ ተወኝ፣ ጸጉሬ እንኳ አልተሠራ" ካለች ተዉአት። ነገ ትፈቅዳለች፤ የትም እንደማይለጠፍ ስታምን በነጋታው ጭራሽ ትረሳችኋለች። መረሳት ደግሞ ለፎቶ አንሺ ትልቁ ስጦታ ነው።

"ጀሪካን ውስጥ ምን ውበት አለ?"

ከሁሉም የሚከብደኝ ተቃውሞ ይሄ ነው። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አለኝ፦ "እናንተ ስለ ትንሽ ትንሽ ደስታ ስታወሩ ሰው ድህነቱን እንዲለምደው ነው የምታደርጉት። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቤት ጀሪካን ውስጥ ምን ውበት አለ? ውሃው ይምጣ!"

ውሃው ይምጣ። እስማማለሁ። "አመስጋኝ ሁኑ፣ ደስታ ከውስጥ ነው" እያሉ የኪራይና የዘይት ዋጋ የጨመረበትን ሰው የሚያባብሉ ተናጋሪዎችን እኔም አልወድም። ያ ነገር ማስታገሻ ነው፤ በሽታውን አይነካም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ውሃ መጣ በተባለበት ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ በፒጃማ ተነስቶ ጀሪካን ሲቀባበል፣ አባት ባልዲ ሲያነሳ ጎኑን ይዞ ሲቃለድ፣ ትንሹ ልጅ በጠርሙስ "እኔም እየቀዳሁ ነው" ሲል፣ እዚያ መካከል የሆነ ነገር አለ። ያ ነገር ከችግሩ የመጣ አይደለም። ችግሩ ሊያጠፋው ያልቻለ ነው። ያንን የሚያነሳ ሰው ችግሩን አላሳመረም፤ ችግሩንም ሰዎቹንም በአንድ ፎቶ መዝግቧል። ከ30 ዓመት በኋላ "ውሃ እንዴት ነበር የምታገኙት?" ለሚል ልጅ ከማንም ሪፖርት የተሻለ ማስረጃ ይሆናል። ውበትን ማየትና መብትን መጠየቅ አይጣሉም። እንዲያውም የሚወደውን ነገር በደንብ ያየ ሰው ነው ሊወስዱበት ሲመጡ የሚጮኸው።

ሌላው ተቃውሞ "ካሜራ ከቅጽበቱ ያወጣል" የሚለው ነው። ይሄም ባዶ አይደለም። ሊንዳ ሄንኬል የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቡና ተመራማሪ ሰዎችን ሙዚየም ወስዳ ሞክራዋለች። ፎቶ ያነሱትን ዕቃ፣ በዓይናቸው ብቻ ካዩት ባነሰ ያስታውሱት ነበር። ግን የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል አይወራም፦ ከዕቃው አንዱን ክፍል አቅርበው እንዲያነሱ የተደረጉት ላይ ያ መቀነስ አልታየም። አስተውሎ ማንሳት ማየት ነው፤ ዝም ብሎ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ደግሞ ማየትን ለማሽን ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ መልሱ ካሜራውን መጣል ሳይሆን 30 ጊዜ ከመጫን 2 ጊዜ መጫን ነው።

የት ነው ያለው?

ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ በመጋረጃው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሳንቲም ሳንቲም ሲያክል። እህታችሁ የልጇን ጸጉር ስትሠራ፤ ልጅቷ በእናቷ ጉልበቶች መካከል ታስራ በአንድ ዓይኗ እያለቀሰች ብስኩት ስትበላ። አያት ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ብር ስትቆጥር፤ ጣቶቿን ብቻ አንሱ፣ ፊቷ ባይገባ ግድ የለም። አክንባሎው ሲከፈት የሚወጣው እንፋሎት። ሰፌድ ላይ የሚለቀም ምስር፣ ከጎኑ የተለቀመች የጠጠር ክምር። አባት መነጽሩ ግንባሩ ላይ ሆኖ መነጽሩን ሲፈልግ። ዝናብ ድንገት ሲመጣ የተሰጣ ልብስ ለማንሳት ሁሉም ሲሮጥ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰፈሩ ሙሉ "መጣ!" ብሎ ሲጮህ፤ ያንን ጩኸት ፎቶ አይይዘውም፣ የልጆቹን ፊት ግን ይይዘዋል።

ዣክ ኦንሪ ላርቲግ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር፤ በ1894 እ.ኤ.አ. የተወለደ። በልጅነቱ ካሜራ ተሰጠውና ቤተሰቡን ማንሳት ጀመረ። የአጎት ልጅ ከደረጃ ስትዘል፣ ወንድም የራሱን በራሪ ነገር ሠርቶ ሲሞክር፣ ሞግዚት ኳስ ስትወረውር። ለራሱ አልበም ነበር የሚያነሳው። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1963 ሲያሳየው ዕድሜው 69 ነበር። "ሀብታም ነበር እኮ" ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ነበር። ካሜራ ለሀብታም ብቻ በነበረበት ዘመን። ዛሬ ላርቲግ ካለው የተሻለ ካሜራ ስንጥቅ ስክሪን ባለው ስልካችን ውስጥ አለ። የጎደለን የአጎት ልጅ ነው? ደረጃ ነው?

ብልሃቱም ከባድ አይደለም። የሌንሱን ቅባት በሸሚዝ ጫፍ ጥረጉ። ፍላሽ አጥፉ፣ ሰውየው ወደ መስኮት ዞር ያለበትን ጊዜ ጠብቁ። የዕጣን ጭስ ካለ ከብርሃኑ ትይዩ ቁሙ፣ ጭሱ ያኔ ይታያል። ልጅ ስታነሱ ተንበርከኩ፤ ከላይ የተነሳ ልጅ ሁሌም ጭንቅላት ብቻ ነው። "እዚህ እይ" አትበሉ። ቤቱን አታጽዱ፤ ጥግ ላይ የተከመረው ልብስ፣ ዘንድሮ የወጣው የዘይት ጀሪካን፣ ያረጀው ካላንደር ከዓመታት በኋላ በጣት እየተነኩ የሚሳቅባቸው እነሱ ናቸው።

ካነሱ በኋላ ደግሞ ማቆየት አለ፤ እዚህ ላይ የኔ ሙያ ይናገራል። በቴሌግራም በፎቶነት የምትልኩት ምስል ይጨመቃል፣ ውስጡ የነበረው ቀንና ቦታም አብሮ ይጠፋል። ለቤተሰብ ስትልኩ "ፋይል" ብላችሁ ላኩ። የሰው ሰርቨር ላይ ያለ ነገር የናንተ አይደለም፤ ጎግል ፎቶስ ያለ ገደብ በነፃ ያስቀምጥ ነበር፣ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ አቆመ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ፓስወርድ ይረሳል። ከዓመቱ 12 ፎቶ ምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ፣ ፎቶ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙ። ወረቀት ባትሪ አይፈልግም። ጀርባው ላይ ጻፉ። የትኛውም ፊት የሚለይ ፕሮግራም "ይቺ ጎረቤታችን ናት፤ እናቴ ስትታመም ሽሮ ይዛ የመጣችው" ብሎ ሊነግራችሁ አይችልም። ይሄን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተም ትረሳላችሁ።

ቋንቋችን ፎቶን "አነሳ" ይላል። የሰውን ስም ስንጠራም "አነሳነው" እንላለን። ከመሬት የወደቀ ነገር ስናገኝም እናነሳዋለን። ተራው ቀን እንዲሁ ነው፤ በየቀኑ እግራችን ሥር ይወድቃል፣ ረግጠነው እናልፋለን።

ዛሬ ማታ እናታችሁ ምስር እየለቀመች ከሆነ አጠገቧ ተቀመጡ። ሁለት ፎቶ አንሱ፤ አንዱ የእጇ ይሁን። ሲታተም ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ስሟን ጻፉ። አሁን ግን ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱና ምስሩን አብራችሁ ልቀሙ።